ጋሽ ፉርኖ እና ቁጥር አስራ ሰባት

ጋሽ ፉርኖ ማለት ያ ዳቦ ጋጋሪው ነው። እውነተኛ ስሙን ከባለቤቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያውቀው የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሞ ዳቦ ሲያስገባና ሲያወጣ ኖሮ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ቁጭ ብሏል። ቁጭ ብሏል ይባል እንጂ፣ ቁጭ የሚል ሰውም አይደለም።

ዳቦ ቤቱ ዛሬ የለም። ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ጋሽ ፉርኖ ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር በሩ ላይ ቆም ይልና አፍንጫውን ቀና አድርጎ አየሩን ሳብ ያደርጋል። ፍራሽ ሻጩ መጀመሪያ ደንበኛ መስሎት «ባለስንት ሜትር ይሁንልዎ አባባ?» ብሎት ነበር። «የለም፣ እዚህ ጋ ምድጃው ነበር» አለውና መንገዱን ቀጠለ። አሁን ሻጩ ራሱ ለምዶታል፤ ከሩቅ ሲያየው ፍራሾቹን ገፋ ገፋ አድርጎ «ይግቡ፣ ምድጃውን ይዩ» ይለዋል። ይገባል፣ ባዶውን ጥግ ያያል፣ አመስግኖ ይወጣል።

ዳቦ ቤቱን ሦስት ሰው ነበር ይዞት የኖረው። ጋሽ ፉርኖ ምድጃው ላይ፣ ባለቤቱ መሸጫው መስኮት ላይ (ያኔ ገና ባለቤቱ አልሆነችም፣ በዚያች መስኮት በኩል ነው የተግባቡት)፣ ሊጡ ላይ ደግሞ ቀጮ። ቀጮ ያሉት ቀጭን ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ያን ሁሉ ሊጥ ሲያቦካ እየዋለ ክንዱ እንኳን ወፈር አይልም ነበር። ጋሽ ፉርኖ «አንተን ሊጡ ነው እንዴ የሚያቦካህ?» ይለው ነበር። ቀጮም «አንተን ደግሞ ምድጃው ጠብሶህ ነው እንደዚህ የጠቆርከው» ይለዋል። እንዲህ እየተባባሉ ሠላሳ ምናምን ዓመት።

ራዲዮ የሚባለው ጣጣ የጀመረውም እዚያው ነው። ከዱቄት ጆንያው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ አንዲት ራዲዮ ነበረች። ከጠዋት እስከ ማታ ትለፈልፋለች። ዱቄቱ ቀን በቀን ሲወርድባት ሲወርድባት ነጭ ሆና፣ አንድ ቀን ጸጥ አለች። ቀጮ እጁን ጠራርጎ አወረዳትና በዳቦ ቢላ ከፈታት። ድምፅ መጨመሪያዋ ሥር ዱቄት ጢም ብሎ ገብቷል። እፍ አለበት። ራዲዮዋ «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን» ብላ ተናገረች። እነሱም ሦስቱም ሳያስቡት አንድ ላይ «አብሮ ይስጥልን» አሉ። ያን ቀን የሳቁት ሳቅ! አንድ ላሜራ ሙሉ ዳቦ አርሮ ነው የወጣው።

ከዚያ ወዲያ ቀጮ አበደ በሉት። የሞተ ራዲዮ አለ ከተባለ ሰፈር አቋርጦ ይሄዳል። መጽሐፍ አላነበበ፣ ትምህርት ቤት አልገባ፣ እየከፈተ እየዘጋ፣ እያቃጠለ እየተካ ለመደው። በኋላ እንደሱ ያበዱ ሰዎች ተሰባሰቡና ማኅበር አቋቋሙ። ሠላሳ አንድ ሰው። ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ታክሲ ነጂ አለ፣ ጡረታ የወጣ ነርስ አለ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው፣ ለቀጮ አስራ ሰባት ደረሰው። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ጥሪ አለ። መዝጋቢው ከቤቱ ሆኖ በመነጋገሪያ ራዲዮ ከአንድ ጀምሮ ይጠራል፣ የተጠራው በአንድ ደቂቃ ውስጥ «አቤት» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ቁም ነገር የለውም። ግን ሰዎቹ ለዚያች አቤት ሲሉ ለቅሶ አቋርጠው ሲሮጡ ታይተዋል።

ጋሽ ፉርኖ የራሱን ቁጥር አላወጣም። «አንድ ምድጃ ለሁለት ይበቃናል» ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጮ ቤት ይሄዳል፣ ሻይ ይቀርባል፣ አጠገቡ ይቀመጣል። አስራ ሰባት ሲባል ቀጮ የመላኪያውን ቁልፍ ይጫናል፣ ጋሽ ፉርኖ በአፉ «አቤት!» ይላል። በአፉ የሚለውን ማንም አይሰማውም። እሱ ግን አንድም ቀን አላስታጎለም።

የማኅበሩን ሕግ የጻፈውም ቀጮ ነበር። ሰው ተመዝግቦ ይጠፋል፣ ውጭ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ አለ። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የተጠራ ሰው በገዛ እጁ አቤት ይበል፤ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ዝም ያለ ሰው ቁጥሩ ለተራ ጠባቂ ይሰጥ። ሁሉም ፈረሙ።

ቀጮ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሳንባው ነበር የታመመው። ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ፉርኖን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ «አስራ ሰባትን ለአንተ አስተላልፌዋለሁ፣ መዝጋቢው ያውቃል» አለው።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ምን ማወቅ ይፈልጋል? ሲጠሩህ አቤት ማለት ነው። ሚስትህ ስትጠራህ ትል የለም እንዴ?»

«እሷማ አቤት ካላልኩ ልኬን ታሳየኛለች።»

«እንግዲህ እነሱም እንደሷ ናቸው ብለህ ያዘው» አለና ሳል ያዘው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ፉርኖ አንድም ቅዳሜ አላሳለፈም። ቀጮ የተወለትን ላፕቶፕ፣ ሽቦና ትንሿን ቦርድ አምጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ዘመኑ ተለውጦ የማኅበሩ ሰዎች በድምፅ መነጋገሩን ትተው በቦርድ ነበር የሚጠራሩት። መዳፍ የማትሞላ ነገር ነች፤ ከላይ አንቴና፣ መሐሏ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ስክሪን፣ ከታች ሦስት ቁልፎች፦ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ላክ። ጽሑፉ በአየር ይሄዳል፣ ስልክም ኢንተርኔትም አይፈልግ። ያቺ የቀጮ ቦርድ አመል ነበራት፤ ቁልፉን አንዴ ስትጫናት ሁለት ጊዜ አቤት ትላለች። ብረት ከብረት ሲገናኝ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ቦርዷ ደግሞ ፈጣን ስለሆነች መንቀጥቀጡን ሁለት አድርጋ ትቆጥረዋለች። ቀጮ ፕሮግራሟ ውስጥ ገብቶ «ከተጫኑሽ በኋላ ዓይን እስኪርገበገብ ጠብቂ» የሚል ነገር ጻፈላትና አመሏን አስተዋት። ጋሽ ፉርኖ ከፕሮግራም የሚያውቃት ያቺኑ አንዲት መስመር ነበር። እየከፈተ ያያታል፣ ይዘጋታል። አንዳንድ ሰው ፎቶ እንደሚያየው ማለት ነው።

እንግዲህ ጣራው ያፈሰሰው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። በአንድ ዝናብ ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ ልክ ቦርዷ ላይ። ጠዋት ሲነሳ አረንጓዴ ዝገት አውጥታ ሞታለች። ደርቃ እንደሆን ብሎ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣት። አልሆነም።

መዝጋቢው አዲስ ቦርድ ይዞለት መጣ። ይህ መዝጋቢ ቆጣሪው ነው የሚባለው፤ ሠላሳ ዓመት ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ፣ አንድ ነገር አንዴ ከጻፈ የማይሰርዝ ሰው ነው። «ቁልፍ የሚባል ነገር ቀርቷል» አለው። «አዲሱ ሁሉ በመንካት ሆኗል። ይኸው ሦስት የመዳብ ክቦች፣ እንደ ሳንቲም። ጣትህን ጣል ታደርጋለህ፣ ሄደ።»

«አይንቀጠቀጥም?»

«ምኑ ይንቀጠቀጣል? የሚንቀሳቀስ ነገር እኮ የለውም።»

ጋሽ ፉርኖ ደስ አለው። ቅዳሜ ሸሚዙን ለውጦ፣ ሻዩን አስቀርቦ ተቀመጠ። አስር ሰዓት ሆነ፣ ጥሪው ተጀመረ። አስራ አምስት አቤት አለ። አስራ ስድስት አቤት አለች። ስክሪኑ ላይ «17» ወጣ። ጋሽ ፉርኖ ጣቱን መዳቡ ላይ ጣል አደረገ። ምንም። ጫን አደረገ። ምንም። በሌላው ጣት ሞከረ፣ መታ መታ አደረገው፣ «ኧረ አቤት! አቤት እያልኩ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ደቂቃው አለቀና «18» ወጣ።

ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምነው? ምን ሆንክ?»

«እምቢ አለኝ።»

«አዲስ አይደል እንዴ?»

«አዲስ ነው። አዲስ እምቢታ ነው።»

በማግሥቱ ምርመራ ተጀመረ። ጋሽ ፉርኖ በሽታ ፍለጋ ሲገባ እንደ ዳቦው ነው፤ ዳቦ አልነሳ ሲል አንደኛ እርሾውን፣ ሁለተኛ ውሃውን፣ ሦስተኛ ሙቀቱን፣ አንድ በአንድ እንጂ ሁሉን አንዴ አይነካካም። ባትሪውን ለወጠ። ኬብሉን ለወጠ። አንቴናውን ፈትቶ አጠበቀ። መዳቦቹን በጥጥ ወለወለ። ከእያንዳንዱ በኋላ ይሞክራል። ለሙከራው ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ገጽ አለ። መዳቡን ማንም ካልነካው ስልሳ ገደማ ይላል፣ ሲነካ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ከአርባ በታች ከወረደ ቦርዱ «ተነካሁ» ይላል። ፊደሉ ደቃቃ ስለሆነ ጋሽ ፉርኖ በአንድ እጁ አጉሊ መነጽር ይይዛል፣ በሌላው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሦስተኛ እጅ የለውም። ስለዚህ የምትነካው ባለቤቱ ነች።

«ንኪ።»

«ነካሁ።»

«አስራ አምስት! ልቀቂ። ንኪ።»

«ነካሁ።»

«አስራ ስድስት! ምንም የለበትም እኮ! ድኗል!»

እሑድ ባትሪ፣ ድኗል። ማክሰኞ ኬብል፣ ድኗል። ዓርብ አንቴና፣ እሱም ድኗል። ሳምንቱን ሙሉ ሲድን ከረመ። ቅዳሜ አስር ሰዓት «17» ሲወጣ ጋሽ ፉርኖ ጣቱን አሳረፈ፣ ድፍን ዝምታ።

ባለቤቱ አጠገቡ ነበረች። ዓይኗ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እሱን እያየ «ልንካልህ?» አለችው። «ማን ያየናል?»

እጁን መዳቡ ላይ ከደነ። «ቀጮ በገዛ እጁ ብሎ ጽፏል።»

«ቀጮ እኮ አሁን የለም አንተ ሰውዬ!»

«ለዚያ ነዋ» አለ። ደቂቃው አለቀ።

ሰኞ ለቆጣሪው ስልክ ደወለለት። ሰምቶ እንደነበር፣ ተቀምጦ እንደነበር፣ ጣቱ መዳቡ ላይ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገረው። ቆጣሪው እስኪጨርስ አዳመጠና «ጋሽ ፉርኖ፣ አምንሃለሁ» አለው። «ግን እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆጣሪው ያለውን ነው የጻፍኩት። ሰው ‹መብራቱን አላበራሁትም› ቢለኝ አምነዋለሁ፣ የምጽፈው ግን ቆጣሪውን ነው። ሁለት ዝምታ ተጽፏል። ተራ የሚጠብቁ ስድስት ሰዎች አሉ። ሕጉ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ለምን ታስታውሰኛለህ?»

ስልኩን ዘጋና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። እንግዲህ ለሌላው ሰው ቁጥር ቁጥር ነው። ነገ አንዱ መጥቶ አስራ ሰባት ሊሆን ይችላል፣ ደህና ሰውም ሊሆን ይችላል። ለጋሽ ፉርኖ ግን ያቺ ቁጥር ስትጠራ ብቻ ነው ሰው ቀጮን የሚጠራው። መቃብሩ ላይ የተጻፈው ስሙ ነው፣ ስሙን ደግሞ ማንም አልጠራበትም። ዳቦ ቤቱ ፍራሽ ሆኗል። ራዲዮዋ የት እንደደረሰች አይታወቅም። የቀረው ነገር ቢኖር በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ደቂቃ «17» ብሎ የሚበራው ስክሪን ነው። ባለቤቱ ይህን ታውቃለች። ለዚያ ነው ያን ቀን ምሳ ብላ አትበላ ብላ ያልጨቀጨቀችው።

ሐሙስ ቦርዱን በፎጣ ጠቅልሎ ዶክተሯ ጋ ሄደ። ዶክተሯ ሐኪም አይደለችም፣ ሞባይል ጠጋኝ ነች። ውሃ የጠጣ፣ ከፎቅ የወደቀ፣ መኪና የረገጠው ስልክ ሁሉ ስለምታስነሳ ነው ሰፈሩ ዶክተር ያላት። ሱቋ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀር ዓይነት ነው፤ የመስታወት ሣጥን፣ ውስጡ የስልክ አንጀት፣ ከላይ አንገቷን የምታዞር መብራት። ቦርዱን ተቀበለችው፣ የራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው፣ ነካችው።

«አስራ አራት» አለች። «ጤነኛ ነው ጋሼ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚያመው።»

«ቅዳሜን በምን ያውቀዋል?»

«እሱን ንገሪኝ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

አስር ጊዜ ነካችው፣ አስሩንም ወረደ። ጋሽ ፉርኖ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ ሞከረው፣ እምቢ። እንደ ቆመ ተመልሶ መጣ። ዶክተሯ ሌላ ስልክ ከፍታ ነበር። የፊቱን ነገር ስታይ ስልኩን ገፋ አደረገችው።

«ቁጭ ይበሉ። መቼም ይሄ ነገር መንገድ ላይ አይታመምም። እስቲ ዛሬ እኔ ላንብብ፣ እርስዎ ይንኩት።»

ነካው።

«አርባ ሰባት» አለች። ቀና ብላ አየችው። «ጫን ያድርጉት።»

«እየጫንኩ ነው።»

«አርባ ስድስት። ሌላ ጣት።»

«ይኸው።»

«አርባ ዘጠኝ። ባሰበት!» ከወንበሯ ተነስታ እጁን ይዛ መብራቱ ሥር አደረገችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ መታ መታ አደረገቻቸው። ቀው ቀው ይላሉ። «ጋሽዬ፣ ይሄ ጣት ነው ወይስ የጫማ ሶል?»

«ጣት ነበር» አለ ጋሽ ፉርኖ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርዱ ሰው መሆኑን የሚያውቀው በቆዳ ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። የጋሽ ፉርኖ የጣት ጫፍ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት የጋለ ላሜራ ይዞ ደርቋል፣ ወፍሯል፣ ደንድኗል። ጨርቅ ያዝ ሲሉት «ጨርቅ እስካነሳ ዳቦው ያርራል» ይል ነበር። ቦርዱ የሚሰማው እንጨት የነካው ያህል ነው። ሲሞክር የከረመው ደግሞ በሚስቱ ጣት! ቦርዱ አንድም ቀን አልታመመም፤ ሳምንቱን ሙሉ ጤነኛ ሲያክም ነው የሰነበተው።

ጋሽ ፉርኖ መዳፉን ገልብጦ አየው። የመጀመሪያው ዓመት ትዝ አለው። ያኔ ጣቱ በየቀኑ ውሃ ይቋጥር ነበር። ቀጮ ከሊጡ ቀዝቃዛውን ቆረስ ያደርግና በእያንዳንዱ ጣቱ ላይ ይለጥፍለታል፤ አምስት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ጣቶች። ባለቤቱ በመስኮቷ በኩል አይታ «ሙሽሮቹ መጡ» ትላለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሊጡ በሳምንት አንዴ ሆነ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ቀጮ ሊጡን ቆርሶ ይዞ ሲመጣ ጋሽ ፉርኖ «አልተቃጠልኩም» አለው። ቀጮ የቆረሳትን ሊጥ እጁ ላይ አገላበጣት። «እንግዲህ ጋጋሪ ሆንክ» አለና መልሶ ሊጡ ውስጥ ጨመራት።

«አዘኑ እንዴ?» አለችው ዶክተሯ።

«አይ። ጣቴ መደንደኑንማ አውቃለሁ። ቦርዱ ‹ሰው አይደለህም› ሲለኝ መክረሙ ነው የገረመኝ።»

ዶክተሯ ሳቀች። «እስቲ ሌላ ቦታዎን እንሞክር።» የእጁን ጀርባ ሞከሩ፤ ይሰማል ግን ሰፊ ስለሆነ ሦስቱንም መዳብ አንድ ላይ ይነካና ቦርዱ ግራ ይገባዋል። ከዚያ ጋሽ ፉርኖ ራሱ ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ነካው።

«አስራ ሁለት!» ጮኸች። «ከእኔም ይበልጣል!»

«ሕጉ በገዛ እጁ ይላል እንጂ በአፍንጫ አይልም።»

«ማን ያያል ጋሼ?»

«አንቺም እንደ ሚስቴ አታውሪ።»

«እንግዲያው ሰውየውን መቀየር ካልተቻለ ፕሮግራሙን እንቀይራለን» አለች። «ከአርባ በታች ነው ‹ተነካሁ› የሚለው አይደል? አርባውን ከፍ እናድርገው። ቤትዎ ሄደው ይቺን መስመር ይፈልጉ፣ ቁጥሩን ብቻ ይለውጡ።» በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችለት። «ሃምሳ ስምንት ይበሉት።»

ዓርብ ጠዋት መስመሯን አገኛት። ቆጣሪው አዲሱን ቦርድ ሲያስገባ የጨመራት ነች፣ ቀጮ ከጻፋት መስመር ሦስት ጣት ዝቅ ብላ ነበረች። አርባን አጥፍቶ ሃምሳ ስምንት አለ። ጣቱን ሳያሳርፍ ገና ባለቤቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ አጠገቡ ስታልፍ ቦርዱ «አቤት» አለ፤ ደግነቱ ለሙከራው አንቴናውን ፈትቶት ስለነበር ማንም አልሰማም።

«ማን ጠራው?» አለች።

«ማንም። ማንቆርቆሪያውን አክብሮ ነው።»

ለማኅበሩ ሰው ደግሞ ዝም ከማለት ቀጥሎ ያለው ውርደት ሳይጠሩት አቤት ማለት ነው። አንዱ የዛሬ አምስት ዓመት ብሎ እስካሁን ይሳቅበታል። ጋሽ ፉርኖ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ። ዳቦ ጋጋሪ መቼም ምድጃውን ሳይፈትን ሙሉ ላሜራ አይከትም፤ በመጀመሪያ አንድ የሙከራ ዳቦ ያስገባል፣ ሰብሮ ያያል፣ ከዚያ ነው ሥራው።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አለ። «ዛሬ አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እነካለሁ።»

አጉሊ መነጽሩንና እርሳሱን ሰጣት። መስኮት ላይ ሳለች ሁለት መቶ ዳቦ በቃሏ ስትቆጥር የኖረች ሴት ነች፣ ቁጥር አይጠፋትም። ጠዋት አስር ጊዜ ነካ። ሲረፍድ አስር ጊዜ። እጁን ታጥቦ አስር ጊዜ፣ እጁን አድርቆ አስር ጊዜ። ከዚያ ሳይነካው፣ ማንቆርቆሪያ በአጠገቡ እያሳለፉ፣ በር እየከፈቱ፣ እሷ እየተነሳች እየተቀመጠች አዩት።

«ስትነካው ከፍ ያለው አርባ ዘጠኝ ነው» አለች እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እየሰካች። «ሳትነካው ዝቅ ያለው ሃምሳ ሰባት። መሐሉ ላይ አድርጋት።»

«ሃምሳ ሦስት።»

«ሃምሳ ሦስት» አለች። አጉሊ መነጽሩን አስቀምጣ ደግሞ «ቀጮ ቢያየን ኖሮ እንዴት ይስቅብን ነበር» አለች።

«አይስቅም። ‹ለምን ቶሎ አልነገራችሁኝም› ይላል።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው የሚለው» አለችና ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ላፕቶፑ ሥር አስገባችው።

ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ጋሽ ፉርኖ ጠረጴዛውን ጣራው ከሚያፈስበት ጎትቶ ግድግዳ አስጠጋው። ማንቆርቆሪያው ከክፍሉ እንዲወጣ ተደረገ። ባለቤቱ ወንበሯን አምጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ድሮ እሱ ከቀጮ ጎን እንደሚቀመጠው፣ ሻይ በሌለበት። አስር ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ላይ «1» ወጣ። አንድ አቤት አለ። ሁለት አቤት አለ። ሦስት የለም፣ ጡረተኛው ነርስ ነው፣ ታሟል። እያለ እያለ ሄደ። ጋሽ ፉርኖ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ድንገት ሳያውቀው እንዳይነካ በሌላው እጁ ይዞታል። አስራ አራት። አስራ አምስት። ልብስ ሰፊዋ፣ አስራ ስድስት፣ እንደ ልማዷ ቶሎ አቤት አለች።

«17»።

ጋሽ ፉርኖ ጣቱን አሳረፈ። አንድ ነገር ጠበቀ፣ ምን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ስክሪኑ ብልጭ አለና «17 አቤት» አለ። እሱም በአፉ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ፣ «አቤት!» አለ።

«ሄደ?» አለች።

«ሄደ።»

ጣቱን ግን አላነሳም። ቦርዱ ትንሽ ጠብቆ እንደገና «17 አቤት» ብሎ ላከ። ደግሞ ሦስተኛ። ሠላሳ አንዱ ቤት ውስጥ ሁሉ ስክሪኑ ላይ አስራ ሰባት ሦስት ጊዜ አቤት ብሏል። ወዲያው የቆጣሪው ጽሑፍ መጣ፦ «17 ተሰምቷል። ሦስት ጊዜ ብትልም የምጽፍልህ አንድ ነው።»

ባለቤቱ ሳቋ አፈናት። ጋሽ ፉርኖ ግን ስክሪኑን ያያል፣ ጣቱ መዳቡ ላይ እንዳለ።

«አንሳው እንጂ ጣትህን!» አለችው ክንዱን እየጎተተች። «የአስራ ስምንትን ተራ ልታስቀርበት ነው!»

አነሳው። አስራ ስምንት ተጠራ።